የአሥረኛ ሐ ተማሪዎችና የመምህርት ሙሉአለም ዝምታ

ጅግጅጋ ውስጥ መምህርት ሙሉአለምን በመልክ የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ድምፅዋን ሳይሰማ አይቀርም ነበር። የምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥሩ ከባጃጅ መቆሚያ ጋር የተያያዘ ነው፤ የክፍሎቹም መስኮት መስታወቱ ከረገፈ ቆይቷል። እሷ ሰሌዳው ፊት ቆማ «እንግዲህ ልብ በሉ!» ስትል ውጭ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳይቀሩ ዘወር ይላሉ። አንዱ ባለባጃጅማ «እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ የዘጠነኛን ሂሳብ ግን እዚሁ ቆሜ ጨረስኩት» እያለ ጓደኞቹን ያስቃቸው ነበር።

ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጅግጅጋ ነው። አባቷ ከደብረ ብርሃን መጥተው በዚያው የቀሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ፈጭታ ስላደገች ሶማሊኛዋ ለገበያም ለጉርብትናም ይበቃል። ለሂሳብ ግን አይበቃም ብላ ታምናለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ እሷ በአማርኛ ታስረዳለች፤ አብዛኛው ተማሪ ደግሞ በሶማሊኛ ነው የሚያስበው። በሦስቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የምትደፍነው ጉሮሮዋን አምና ነበር። አንድ ጊዜ ያልገባቸውን ትደግመዋለች፤ በሁለተኛው ያልገባቸውን በሦስተኛው ትጮኽበታለች።

እንዲህ እያለች አሥራ ሰባት ዓመት አስተማረች። ተማሪዎቿ ይወዷታል። «ቲቸር ሙሉ ስታስረዳ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው» ይላሉ። ፈተና ሲመጣ ግን ያ ጥርት ያለው ነገር ሁሉ ይደፈርሳል። ከሰባ ተማሪ ሃምሳው ከግማሽ በታች ያመጣል። እሷም ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርግና በሚቀጥለው ዓመት የባሰ ትለፋለች፤ የባሰ ትናገራለች።

በ2014 ዓ.ም. ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አሥረኛ ሐ ክፍል ውስጥ እያስረዳች ሳለ ድምፅዋ ከአፏ ላይ ቁርጥ አለ። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ደግማ ሞከረች። የወጣው ነገር እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ዝም አሉ።

የጉሮሮ ሐኪሙ ወጣት ነበር። በትንሽ መስታወትና በመብራት ካያት በኋላ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ።

«የድምፅ አውታርዎ ላይ እባጭ አለ» አላት። «የመምህራን በሽታ ነው። እስከ መጋቢት ድረስ አይናገሩም። በሹክሹክታም ቢሆን አይቻልም፤ እንዲያውም ሹክሹክታ ይብሳል። በእረፍት ካልጠፋ አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ሕክምና ይወጣል።»

«እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ» አለች በተሰነጠቀ ድምፅ።

«ስለዚህ ነዋ ከአሁን ጀምረው ዝም የሚሉት» አላት ፈገግ ብሎ። እሷ ግን ፈገግታው አልታያትም። ከሆስፒታሉ እስከ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ ሰላም የሚላት ሰው ሁሉ መልስ ሲያጣ ግራ ይገባዋል። እሷም እያንዳንዱን ሰላምታ በእጇ ስታስተናግድ ከገዛ ራሷ ላይ አንዳች ነገር እንደ ተቆረጠባት ያህል ተሰማት።

ርእሰ መምህሩ አቶ ዴቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሐኪሙን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህርት፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው የለውም» አሉ። «ቁልፉን ልስጥዎት። መጽሐፍና ጠመኔ ማደል ነው፤ ንግግር አይፈልግም። ደመወዝዎ እንዳለ ነው።»

ሙሉአለም ከቦርሳዋ ደብተር አወጣችና ጻፈችላቸው፦ «እስከ ሰኔ ከክፍሌ ጋር ይተዉኝ።»

«ሳይናገሩ ምን ሊያስተምሩ ነው?»

ይህን ገና አላሰበችበትም ነበር። እልህም ተስፋ መቁረጥም በተቀላቀለበት ስሜት «እኔ ዝም እላለሁ። እነሱ ይናገራሉ» ብላ ጻፈች።

አቶ ዴቅ ሌላ የሂሳብ አስተማሪ ከየትም እንደማያገኙ ያውቃሉ። በመጨረሻም አሥረኛ ሐን ብቻ ተዉላት፤ ሌሎቹን ክፍሎቿን በባልደረባዋ በመምህር ሪድዋን ላይ ደረቡ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቋት፤ በሰኔ አራቱም የአሥረኛ ክፍሎች አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። አሥረኛ ሐ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ከቀረ ነገሩ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ይቋጫል።

ሰኞ ጠዋት ሰባ ሁለቱ ተማሪዎች ፊት ቆማ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ድምፄ ታሟል። ስድስት ስድስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ጥያቄ እሰጣችኋለሁ፤ አብራችሁ ትሠራላችሁ።»

«ኧረ አንድ ለአምስት መጣች!» ብሎ አንዱ ሲጮኽ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቃቸው እውነት ነበረው። ከዓመታት በፊት ተማሪውን ሁሉ አንድ ጎበዝ ከአምስት ደካማ ጋር አቧድኑ ተብሎ ነበር። ስማቸው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሪፖርት ተላከ። በተግባር ግን አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ሙሉአለም ራሷ ያንን ቅጽ ስትሞላ ኖራለች።

ይኸኛውም ያው ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የሁሉንም ደብተር ሰብስባ ስታርም ሳቅም ንዴትም መጣባት። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ጀዕፈር አንዷን መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ጽፏታል። አርባ ያህል ደብተር ላይም ያቺው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።

ቅዳሜን ሙሉ አሰበችበት። ድሮ ቢሆን ሰኞ ገብታ ትቆጣ ነበር፤ አሁን መቆጣትም አይቻላትም። ደብተሮቹን እያገላበጠች ሳለ ግን ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የራሷ ጥያቄ መሆኑ ታያት። የምትጠይቃቸው መልስ ነው፤ መልስ ደግሞ ይገለበጣል። ለምን ያ መልስ እንደ ሆነ ማስረዳት ግን ከጎረቤት ደብተር አይገኝም።

እሑድ ጎረቤቷ ካለው ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለመነችና በየአንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፈችበት። ሰኞ አዲሱን ሕግ ሰሌዳው ላይ አሰፈረች። ከየቡድኑ በዕጣ አንድ ሰው ይወጣል፤ ያ ሰው ያስረዳው ያህል የስድስቱም ማርክ ይሆናል። በፈለገው ቋንቋ ያስረዳ። ተቀምጦ የሚያዳምጠው ደግሞ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ያቺን ጥያቄ ከሰፈር በምታውቀው ሶማሊኛ በትልቁ ጻፈቻት፦ «ዋዮ?» ለምን ማለት ነው። ክፍሉ በደስታ ጮኸ። ሶማሊኛ በሂሳብ ሰሌዳ ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

የመጀመሪያው ቆርኪ የወጣው ከጀዕፈር ቡድን ለዐርዶ ነበር። ዐርዶ ከሀርሺን ገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር ልጅ ናት። መጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ድምፅዋን የሰማ አስተማሪ የለም። ጥያቄው ድምራቸው አሥራ አራት፣ ብዜታቸው አርባ ስምንት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ የሚል ነበር። ዐርዶ ወጥታ ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትሳሳት ጻፈችው። ስድስትና ስምንት።

«ዋዮ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ሁለቱን ቅንፎች ለየብቻ ከዜሮ ጋር ያስተካከልሽው ለምንድን ነው?»

ዐርዶ ሰሌዳውን አየች፤ መሬቱን አየች። ምንም አልተናገረችም። ሙሉአለም የማይወደድ ነገር መሆኑን እያወቀች በቡድኑ ስም ላይ ዜሮ ጻፈች።

ጀዕፈር ብድግ አለ። «ቲቸር፣ ይኼ ፍትሕ አይደለም! እኔ እኮ እችለዋለሁ!»

ሙሉአለም አፏን ከፈተችና ትዝ ሲላት ገጠመችው። ወደ ሰሌዳው ዞራ «ከቻልከው እሷ እንዴት አልቻለችውም?» ብላ ጻፈችለት።

በማግስቱ የጀዕፈር አባት አቶ ጉሃድ ትምህርት ቤት መጡ። ገበያ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቃላቸው የሚከበር ነጋዴ ናቸው። በአቶ ዴቅ ቢሮ በር ላይ ሙሉአለምን ሲያገኟት ቁጣቸውን በአክብሮት ጠቅልለው ነበር የያዙት።

«አባዮ ሙሉ» አሏት እንደ እህት እየጠሩ፣ «ሕመምሽን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ አላህ ይማርሽ። ግን ልጄን የላክሁት ሊማር ነው እንጂ ሊያስተምር አይደለም። ጎበዝ ነው። በሰነፍ ምክንያት ዜሮ ሲያገኝ ዝም ብዬ አላይም።»

ሙሉአለም በደብተሯ ላይ «አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ገብተው ይቀመጡ። ከዚያ የሚሉትን እቀበላለሁ» ብላ ጻፈችላቸው።

አቶ ጉሃድ ሰዓታቸውን አዩና ገቡ። እንደ እንግዳ የፊት ወንበር ቢሰጣቸውም እምቢ ብለው ከልጃቸው ቡድን ጀርባ ተቀመጡ። ጀዕፈር አባቱን ሲያይ ጉሮሮውን ጠራረገና ለዐርዶ በሶማሊኛ ማስረዳት ጀመረ፤ ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ ሆኗል። «ብዜታቸው ዜሮ ነው አይደል? እንግዲህ ወይ ይኼኛው ዜሮ ነው፣ ወይ ያኛው።»

ዐርዶ እንደ ትናንቱ መሬት መሬት እያየች ነበር። ግን ትናንት ሰው ሁሉ ፊት ያገኛት ኀፍረት ሌሊቱን እልህ ወልዶባት ኖሯል፤ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ዋዮ? ብዜታቸው አምስት ቢሆንስ? ያኔም ወይ ይኼኛው አምስት ነው፣ ወይ ያኛው ማለት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ» አለ ጀዕፈር ፈጥኖ። ከዚያ ቆም አለ። ደብተሩ ላይ ሞከረው፤ አልሠራም። አንዱ አምስት ከሆነ ሌላው የግድ አንድ መሆን አለበት። አንድ የማይሆን ከሆነስ? ሁለትና ሁለት ተኩልም አምስት ያወጣሉ። አሥርና ግማሽም ያወጣሉ። «እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ቲቸር እንደዚህ ነው ያሉን። በቃ እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«ቆይ ቆይ» አለች ዐርዶ ወንበሯን እየሳበች። «አምስትን ለማውጣት ብዙ መንገድ አለ። ዜሮን ለማውጣት ግን አንዱ የግድ ባዶ መሆን አለበት። ሁለቱም የሆነ ነገር ካላቸው ዜሮ አይመጣም!»

ስድስቱም ደብተራቸው ላይ ተደፉ። የሚችሉትን ቁጥር ሁሉ አባዙ። ጀዕፈር ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። «ወላሂ እውነቷን ነው» አለ። «ስለዚህ ነው መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን የምናመጣው!» ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራው የኖረው ነገር ምክንያቱ ገና ዛሬ መግባቱ ነበር።

ሙሉአለም ከሰሌዳው አጠገብ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። ዐርዶ ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱ በምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶላት ነበር። ድምፅ ቢኖራት ኖሮ በሦስት ቃል ታስረዳና፣ ክፍሉም «እሺ ቲቸር» ብሎ ይጽፈው፣ ነገሩም በዚያው ይሞት ነበር። ስንቱን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ቀደመችው አሰበች።

አቶ ጉሃድ ደወሉ ሲደወል ተነሡ። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እኛ ነጋዴዎች አንድ ነገር እናውቃለን» አሏት። «ጣቃውን የምታውቂው መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጪው አይደለም፤ ገዢ መጥቶ ገልብጦ ሲጠይቅሽ ነው። ልጄ ጥሩ ገዢ አግኝቷል። ከዚያው ይቆይ።» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀና ነበር ማለት አይቻልም። አንዳንድ ቡድን ይጣላል፤ አንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በወሬ ያልቃል። ጎን ለጎን የሚያስተምረው ሪድዋንም «መምህርት፣ ክፍልሽ የከብት ገበያ ሆኗል» እያለ ሁለት ጊዜ መጥቶ ወቅሷታል። ግን ሳምንት በሳምንት ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። ሙሉአለም በየወንበሩ መካከል እየዞረች ታዳምጣለች፤ ጥሩ ጥያቄ ስትሰማ ደብተሯ ላይ ትጽፈውና ለሌላው ቡድን ታሳያለች። ጎበዞቹ ጓደኛቸው ሳይገባው ዕጣ እንዳይወጣበት ስለሚፈሩ በእረፍት ሰዓት ሳይቀር ቁጭ ብለው ያስረዳሉ። የሚጠየቁት ብዛት ደግሞ እነሱኑ አጎበዛቸው።

እባጩ ግን በእረፍት አልጠፋም። በመጋቢት አጋማሽ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም ተወሰነ፤ ሕክምናውና ማገገሚያው ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አቶ ዴቅ አሥረኛ ሐን በትነው ለሦስቱ ክፍሎች ሊያከፋፍሉ አሰቡ። ይህን የሰሙት ተማሪዎች ሁለት መልእክተኛ ላኩ፤ ጀዕፈርንና ዐርዶን።

«በሩን ብቻ ይክፈቱልን» አለ ጀዕፈር።

«አስተማሪ ሳይኖር?»

ዐርዶ ናት የመለሰችው። «ቲቸር ከኅዳር ጀምሮ ምንም አላስረዱንም እኮ። ሲያስቸግረን የምናየው ፊታቸውን ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ በልባችን ይዘነዋል።»

አቶ ዴቅ ይህን ለሙሉአለም ሲነግሯት እየሳቁ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለተማሪዎቿ መልስ የሌለው የጥያቄ ወረቀት ትታላቸው ሄደች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ የደብተራቸውን ፎቶ በቴሌግራም ይልኩላታል፤ «ልክ ነን ቲቸር?» ይሏታል። እሷ ከአልጋዋ ላይ ሆና የምትመልሰው አንዲት ቃል ናት፦ «ዋዮ?» በአራተኛው ሳምንት ግን መልእክቱ ጭራሽ ቆመ። አንድ ቀን ጠበቀች፤ ሁለት ቀን፤ ሳምንት። እንግዲህ ተበተኑ አለች በልቧ። በስልክ መጠየቅም ፈራች። ሐኪሙ «አሁን ቀስ ብለው፣ በጥቂቱ መናገር ይችላሉ» ሲላት እንኳ ደስታው ሙሉ አልሆነላትም።

በግንቦት መጀመሪያ ጅግጅጋ እንደ ገባች ሻንጣዋን ቤት ጥላ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። በኮሪደሩ ላይ ስትጠጋ ጩኸት ሰማች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አሾልካ ስታይ ሰባ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ይከራከራሉ። ቀስ ብላ ገብታ ከኋላው ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ማንም አላያትም።

ሰሌዳው ላይ የተሳለው ቢርካ ነበር፤ በዚያ አገር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ። ሥዕሉ የዐርዶ አያት የድሮ ቢርካ ነው። አፈሩ እንዳይናድ ግድግዳው ዘመም ተደርጎ ስለ ተቆፈረ አፉ አሥራ ሁለት ሜትር በአሥራ ሁለት፣ ወለሉ ስድስት በስድስት፣ ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው። ስንት ውሃ ይይዛል? ይህ በመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ሙሉአለም ትታቸው ስትሄድ ሁለት ምዕራፍ ይቀራቸው ነበር።

ጀዕፈር ጠመኔ ይዞ ቆሟል። «የአፉንና የወለሉን ስፋት አማካይ ወስደን በጥልቀቱ ስናባዛው ሦስት መቶ ስልሳ ሜትር ኩብ ይመጣል።»

«አይደለም፤ የጎኖቹን አማካይ ነው መውሰድ ያለብን» አለች ላዳን የምትባል ከሌላ ቡድን። «ዘጠኝ በዘጠኝ በአራት፤ ሦስት መቶ ሃያ አራት።»

ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይንጫጫል። በዚህ መካከል ዐርዶ ተነሣች፤ ያቺ መሬት መሬት የምታየው ልጅ አሁን ድምፅዋ ከፊት እስከ ኋላ ይሰማ ነበር።

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች። «ባለፈው ድርቅ ጊዜ ያ ቢርካ በቦቴ ነው የተሞላው። ባዶ ነበር፤ እስከ አፉ ሞላ። ቦቴዎቹን አብሬ ቆጥሬአለሁ፤ ሃያ ስምንት ገቡ። አንዱ ቦቴ አሥራ ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል። የጀዕፈር እውነት ቢሆን ሠላሳ ቦቴ ይገባ ነበር፤ የላዳን ቢሆን ሃያ ሰባቱ ሞልተውት ሃያ ስምንተኛው ይመለስ ነበር።»

ከዚያ ከሦስት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ «ዋዮ?» የሚል ድምፅ መጣ። «በስሌት ሃያ ስምንት ከየት ይመጣል?»

ዐርዶ ወደ ሰሌዳው ሄደች። «አያቴ ቁፋሮውን ባያቆም ብዬ አሰብኩ» አለች። «በአራት ሜትር ውስጥ አሥራ ሁለቱ ወደ ስድስት ጠበበ። በዚያው ብንቀጥል ሌላ አራት ሜትር ስንቆፍር ጎኑ የት ይደርሳል?»

«ዜሮ!» አለ ክፍሉ።

«ጫፍ ይሆናል። ተገልብጦ የቆመ ፒራሚድ፣ ቁመቱ ስምንት ሜትር። የፒራሚድ ይዘት ደግሞ የመሠረቱ ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ ሲሶው ነው፤ ትናንት አይተነዋል። የትልቁን አውጡ። ከዚያ አያቴ ያልቆፈረውን ትንሹን ፒራሚድ ቀንሱ።»

ሰባ ሁለት እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰ። የትልቁ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት፤ የትንሹ አርባ ስምንት። ቀድሞ የጨረሰው ጀዕፈር ነበር። «ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። «ለአሥራ ሁለት ስናካፍለው ሃያ ስምንት! ሃያ ስምንት ቦቴ!»

ክፍሉ ተነቃነቀ። ወንበር የሚደልቅ፣ የሚያጨበጭብ፣ ዐርዶን የሚያቅፍ። ጀዕፈር የራሱን ሦስት መቶ ስልሳ በገዛ እጁ አጠፋና ጠመኔውን ለዐርዶ አስረከባት። አንዱ መጽሐፉን ገልጦ ቀመሩን አነበበ፤ ቁጥሩን ቢያገቡበት ያው ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሆነ። «መጽሐፉም ልክ ነው!» ሲል ሁሉም ሳቁ።

ሙሉአለም በዚህ ጊዜ እንባዋ አመለጣት። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያንን ቀመር ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ በቀይ ከብባ፣ «ሸምድዱት» ስትል ኖራለች። አንድም ተማሪ ከየት እንደ መጣ ጠይቋት አያውቅም።

ላዳን ዘወር ስትል አየቻት። «ቲቸር!»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ዞረ። እየተጋፉ መጥተው ከበቧት። «ዳኑ ወይ? መናገር ይችላሉ?» ይሏታል። ሙሉአለም ያገኘችው ድምፅ ዝቅ ያለና ሻካራ ነበር። «እችላለሁ» አለች። «ፎቶ መላክ ለምን ተዋችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። «ልክ መሆናችንን ማወቅ ስለ ቻልን» አለች ዐርዶ።

የሰኔውን ፈተና ያወጣው ሪድዋን ነው፤ ያረመውም እሱ ነው። ውጤቱን ይዞ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገባ ፊቱ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር። ከአሥረኛ ሐ ሰባ ሁለት ተማሪዎች ስልሳ አንዱ ከግማሽ በላይ አምጥተዋል። ሌሎቹ ሦስት ክፍሎች አንዳቸውም ሠላሳ አልሞሉም።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተኮራርጀዋል ብዬ ነበር» አላት። «ደግሜ አረምኩት። ግን ሰባተኛውን ጥያቄ በአምስት ዓይነት መንገድ ነው የሠሩት። ሁለቱን መንገድ እኔም አላውቃቸውም፤ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኳቸው። የተኮራረጀ ሰው አምስት መንገድ ከየት ያመጣል? ምን አድርገሽላቸው ነው?»

«ታምሜላቸው» አለች ሙሉአለም፤ ሪድዋንም እሷም እስኪደክማቸው ሳቁ።

አቶ ዴቅ በሰልፍ ላይ የአሥረኛ ሐን ውጤት ሲያነቡ ጭብጨባው አጥር ተሻግሮ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ተሰማ። ዐርዶ ሰማንያ ሦስት አግኝታ ነበር። አቶ ጉሃድ ልጃቸው አንደኛ መውጣቱን ሲሰሙ የጠየቁት «ያቺስ ገዢዋ ስንት አመጣች?» ብለው ነበር ይባላል።

በሚቀጥለው ዓመት ሪድዋን ከሱቅ ቆርኪ ሲለምን ታየ። ከባቢሌና ከሀርሺን የመጡ መምህራን የሙሉአለምን ክፍል ሊያዩ ከኋላ መቀመጥ ለመዱ። አንዳንዶቹ «የምታስተምረው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ። ዐርዶና ጀዕፈር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በአንድ ጊዜ አለፉ። ጀዕፈር ኮምፒውተር ሳይንስ ገባ። ዐርዶ ደግሞ፣ ሁሉም ሂሳብ ትመርጣለች ሲል፣ ነርሲንግ መረጠች፤ ተማሪዎቹ በየታማሚው አልጋ ዙሪያ ቆመው እንዴት እንደሚከራከሩ ለሙሉአለም ደውላ ስታወራት ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ያስታውቃል።

ባለፈው ዓመት ሙሉአለም የስደተኛ ጣቢያ ወዳለባት ወደ ሸደር ሄዳ ለመምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና እንድትሰጥ ተጠራች። ዐብዲናስር የሚባል ወጣት መምህር በመጀመሪያው ቀን እጁን አወጣ። «እኔ ዘጠና ልጅ ነው ያለኝ» አላት። «ከስደተኛ ጣቢያው የመጡ አሉ፣ የከተማው ልጆች አሉ። መጽሐፉ ለአሥር አንድ ነው። የእርስዎ ነገር እዚህ አይሆንም።»

ሙሉአለም በዚያ ሻካራ ድምፅዋ «ነገ ጠዋት ክፍልህን አሳየኝ» አለችው።

በማግስቱ ሌሎቹ ሠልጣኞች ግድግዳውን ተደግፈው ሲያዩ፣ እሷ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ከልጆቹ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ምንም አልሆነም። ዐብዲናስር ሊያስረዳ ሁለት ጊዜ ብድግ ሲል እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ኢስራ የምትባል ትንሽ ልጅ ከጎኗ ያለውን ልጅ ደብተር ስባ «እንደዚህ አይመስለኝም» አለች። ልጁም «እንዴት አይመስልሽም?» አላት። ከዚያ የሚቀጥለው ረድፍ ገባበት፤ ከዚያ የኋለኛው። ዐብዲናስር አፉን ከፍቶ ይሰማል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደወሉ ሁለት ጊዜ ቢደወልም ከዘጠናው አንድም ልጅ አልተነሣም ነበር።